የጠፋች የቤት እርግብ ስታገኙ፦ ትለቀቅ፣ ባለቤቷ ይፈለግ ወይስ እናንተ ጋ ትቅር?

እግሯ ላይ ቀለበት ያላት እርግብ በረንዳችሁ ላይ አርፋ፣ ስትጠጓት ካልሸሸች፣ ያቺ እርግብ ሰው አላት። ጥሬ የሚበትንላት፣ ሲመሽ ቆጥሮ የሚዘጋባት ሰው። ዛሬ መንገድ ጠፍቷታል፣ ወይ ደክሟታል፣ ወይ ተጎድታለች።

አብዛኛው ሰው እንዲህ ዓይነት እርግብ ሲያገኝ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «እርግብ ቤቷን ታውቃለች» ብሎ ወዲያው ያበራታል፣ ወይ ካርቶን ውስጥ ከቶ ዳቦ እየፈረፈረላት ያሳድራታል። ሁለቱም ከደግ ልብ ነው። እኔ የምለው ግን፣ ደም ካላያችሁባት በቀር፣ መጀመሪያ አጠጧት፣ አብሏት፣ አንድ ሁለት ቀን እዩዋት። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከፊታችሁ አምስት ምርጫ አለ። የትኛው እንደሚሻል የሚነግራችሁ የራሷ ሁኔታ ነው፦ ምን ዓይነት እርግብ ናት፣ ጤናዋስ እንዴት ነው?

መጀመሪያ ለይታችሁ እወቋት

አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ቤልጂየም ወይም ጀርመን የምትኖሩ ከሆነ፣ ቀለበት ያላት እርግብ አብዛኛውን ጊዜ የእሽቅድምድም እርግብ ናት። እዚያ እርግብ ማወዳደር ራሱን የቻለ ትልቅ ስፖርት ነው። ጫጩቷ ገና ሳምንት ገደማ ሲሆናት መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት እግሯ ላይ ይገባል። እግሯ ሲያድግ ቀለበቱ አይወልቅም። ስለዚህ ቀለበት ካላት፣ ሰው ቤት ተፈልፍላለች ማለት ነው። ሰውነቷ ጠንከር ያለ፣ ላባዋ የተስተካከለ፣ ከምንቃሯ በላይ ነጭ ወፈር ያለ ቆዳ ያላት ናት። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው።

እነዚህ እርግቦች ከመቶ እስከ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ተወስደው ይለቀቃሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይበራሉ። ብዙዎቹ ይገባሉ። ጭልፊት ያሳደዳት፣ ዝናብና ጉም የያዛት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የመታት ግን መንገድ ላይ ትቀራለች። በመጀመሪያ ዓመታቸው ያሉት ደግሞ ልምድ ስለሌላቸው ቶሎ ይጠፋሉ። ልምድ ያላቸውንም ቢሆን ክፉ ቀን ያጋጥማቸዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1997 ፈረንሳይ ውስጥ ከናንት ከተማ ወደ እንግሊዝ 60 ሺህ ያህል እርግቦች ተለቀው አብዛኞቹ ሳይመለሱ ቀርተዋል። የእንግሊዙ ትልቁ የእርግብ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ያዘጋጀው ውድድር ነበር። ስለዚህ እርግብ ስትጠፋ ባለቤቱ ቸልተኛ ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

ነጭ እርግብ ካገኛችሁ ጠንቀቅ በሉ። ሠርግ ላይ ነጭ እርግብ ማብረር የተለመደ ሆኗል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚለቃቸው ነጫጭ የእሽቅድምድም እርግቦች ናቸው፣ ዞረው ቤታቸው ይገባሉ። አንዳንዱ ግን ለሥጋ ተብለው የሚረቡትን ትልልቅ ነጭ እርግቦች ከገበያ ገዝቶ ይለቃል። ኪንግ የሚባለው ዘር ከእነዚህ አንዱ ነው። ወደ ኪሎ ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል። ደረቱ ሰፊ፣ አበራሩ ደካማ ነው። የሚመለስበት ቤት የለውም። ምግብ ፈልጎ መብላትም አልለመደም። ነጭነቱ ደግሞ ለጭልፊት ከሩቅ ያሳየዋል። ሠርግ እየደገሳችሁ ከሆነ እባካችሁ ይህን አስቡበት።

አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማችን ውስጥ ከሆናችሁ ቀለበት ላታገኙ ትችላላችሁ። እዚያ መጀመሪያ የሚለየው የዱር ናት ወይስ የቤት የሚለው ነው። ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላትና ክንፏ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላው የዱር ናት። ማጅራቷ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የምትታየው ጠቆር ያለችውም የዱር ናት። ይቺኛዋ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። እነዚህ ካልተጎዱ በስተቀር አትያዙዋቸው። የቤቷ እርግብ ነጭ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ወይም ዝንጉርጉር ልትሆን ትችላለች፣ ሰውም ብዙ አትፈራም። የአንድ ክንፏ ላባዎች ተቆርጠው ወይም በክር ታስረው ካያችሁ፣ በቅርቡ ተገዝታ አዲሱን ቤት እንድትለምድ የተደረገች ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለችዋ ብዙ ስለማትበር ባለቤቷ ሩቅ አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን

ውሃ ይቅደም። እርግብ ውሃ የምትጠጣው እንደ ዶሮ አንገቷን ቀና እያደረገች አይደለም። ምንቃሯን እስከ አፍንጫዋ ነክራ ትስበዋለች። ስለዚህ ውሃው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው፣ ዕቃውም የማይገለበጥ ይሁን። ዝርግ ሳህን ላይ ጠብታ ውሃ አድርጎ «እምቢ አለች» ማለት አይቻልም።

ምግቡን በተመለከተ የሐበሻ ቤት ችግር የለበትም። የተሰበረ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ምስር፣ የአተር ክክ፣ ያልበሰለ ሩዝ ሁሉም ይሆናል። ጥሬና ደረቅ ይሁን። ጨው የነካው ቆሎ አትስጧት። ዳቦና እንጀራ ሆዷን ይሞሉታል እንጂ አቅም አይሰጧትም። ወተት ጭራሽ አይሞከርም። በምንቃሯ ውስጥ በግድ ውሃ አትጨምሩ፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ዶሮ ያላችሁ ደግሞ እንዳታቀላቅሏት። ፈንግል ከእርግብ ወደ ዶሮ ሊተላለፍ ይችላል። ከነካካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ኩሷን ደርቆ እያለ አትጥረጉት፣ አቧራው እንዳይነሣ ቀድማችሁ አርጥቡት። ቤት ውስጥ ሕመም ያለበት ወይም አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ከእሷ ራቅ ይበል።

ምርጫ አንድ፦ መግቦ መልቀቅ

ለጤነኛ የእሽቅድምድም እርግብ ይህ ከሁሉም ይሻላል። ባለቤቶቹም የሚመርጡት ይህንኑ ነው። በካርቶን ተጭና በመልእክት ድርጅት ከምትመለስ በራሷ ክንፍ ብትገባ ለእሷም ይቀልላታል።

መያዝም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በረንዳው ወይም ግቢው ድመት የማይደርስበት ከሆነ ውሃና ጥሬ አስቀምጣችሁ ተዉአት። ብዙዎቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አቅም አግኝተው ይሄዳሉ። ድመት ካለ ወይም ብርድ ከሆነ ግን ካርቶን ውስጥ አሳድሯትና ጠዋት ልቀቋት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ የቀነሰ፣ ገና ማለዳ ይሁን። ከሰዓት በኋላ የተለቀቀች እርግብ ሳትደርስ ይመሽባታል። ስትለቋት ወደ ላይ አትወርውሯት። ካርቶኑን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ክፈቱት፣ ስትፈልግ ትውጣ።

ሁለት ቀን ካለፈና አሁንም ካልሄደች፣ ወይ ጤና የላትም፣ ወይ እናንተ ጋ ተመችቷታል። እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ምርጫ እንለፍ። ለነጭ ትልቋ እርግብ፣ ጅራቷ እንደ ማራገቢያ ለተዘረጋው ወይም እግሯ ላባ ለለበሰው ዘር ግን ይህ የመጀመሪያው ምርጫ ጨርሶ አይሠራም። እነሱን መልቀቅ ለሞት መስጠት ነው።

ምርጫ ሁለት፦ ቀለበቱን አንብቦ ባለቤቷን መፈለግ

መጀመሪያ መያዝ አለባት። የሚቀለው ሲመሽ ነው። እርግብ በጨለማ ጥሩ ስለማታይ ረጋ ብላ ትቀመጣለች። ቀላል ፎጣ ከላይ ጣል አድርጋችሁ ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር ሰብስባችሁ አንሷት። አያያዙ እንዲህ ነው፦ ደረቷ መዳፋችሁ ላይ ያርፋል፣ ሁለቱ እግሮቿ በአመልካችና በመሃል ጣታችሁ መካከል ወደ ኋላ ያልፋሉ፣ አውራ ጣታችሁ ከላይ የክንፎቿን ጫፍ ከጅራቷ ጋር ይይዛል። ጭንቅላቷን ወደ ደረታችሁ አዙሩት። እንዲህ ስትያዝ ትረጋለች፣ እናንተም አንድ እጃችሁ ነፃ ይሆናል።

በነፃው እጃችሁ ቀለበቱን በእርጥብ ጥጥ ጥረጉት። ጭቃና ኩስ ፊደሉን ይሸፍነዋል፣ 3ቱ 8 ይመስላል። ከዚያ ቀለበቱን ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ በስልካችሁ ሦስት አራት ፎቶ አንሱ። ጽሑፉ ዙሪያውን ስለሚሄድ አንድ ፎቶ አይበቃም። ቀለበቱን ለማውለቅ ግን አትሞክሩ፣ እግሯ ይሰበራል። በሌላው እግሯ የላስቲክ ወይም ወፈር ያለ የፕላስቲክ ቀለበት ብታዩ እሱ የውድድር ሰዓት መመዝገቢያ ነው፣ ባለቤቷን አይነግራችሁም። ሌላም ብዙ ሰው የማያየው ቦታ አለ። ክንፏን ዘርጉና ትልልቆቹን ላባዎች ተመልከቱ። አንዳንድ አርቢ ስልክ ቁጥሩን በማኅተም እዚያ ላይ ያትማል። ካገኛችሁት ነገሩ በአንድ ስልክ ጥሪ አለቀ።

ቀለበቱ ላይ የሚጻፈው በመሠረቱ አራት ነገር ነው፦ ማኅበሩ፣ የተፈለፈለችበት ዓመት፣ የክለቡ ምልክት፣ የራሷ ቁጥር። ከአገር አገር ግን ይለያያል፣ አንዳንዱ ላይ የክለብ ምልክት የለም። አሜሪካ ውስጥ በላቲን ፊደል «ኤ ዩ» የሚል ካያችሁ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኦክላሆማ ሲቲ የሆነው የአሜሪካን ሬሲንግ ፒጅን ዩኒየን ነው። «አይ ኤፍ» የሚለው ሌላው ትልቅ ማኅበር ነው። ሁለቱም በድረ ገጻቸው ላይ የክለቡን ምልክት አስገብታችሁ የክለቡን ጸሐፊ የምታገኙበት መንገድ አላቸው። ጸሐፊው ቁጥሩን አይቶ ለባለቤቱ ይደውላል። «ኤን ፒ ኤ» ካለ ለውበት የምትረባ እርግብ ናት፣ ለመልቀቅ አትቸኩሉ። «ሲ ዩ» ካናዳ ነው። «ጂ ቢ» የእንግሊዙ ሮያል ፒጅን ሬሲንግ አሶሴሽን ነው፣ የጠፋች እርግብ ማሳወቂያ ገጽ አለው። «ኤስ ዩ» ስኮትላንድ፣ «ኤን ኤል» ኔዘርላንድ፣ «ዲ ቪ» ጀርመን ነው። ቤልጂየም «ቤልግ» ብላ ትጽፋለች።

የቤልጂየም ቀለበት ካያችሁ ነገሩን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኒው ኪም የተባለች የቤልጂየም እርግብ በጨረታ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጣለች። የእናንተዋ ያን ያህል ታወጣለች ማለቴ አይደለም። ቀለበት ያላት እርግብ የሰው ንብረት መሆኗን እንዳትረሱ ነው።

ቀለበት ብቻውን ሊያሳስትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የፈረንጆች ገና ማግስት ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ሰው ግቢ የደከመች እርግብ ገባች። ጆ ተብላ ተሰየመች። ቀለበቷ የአሜሪካ ስለሚመስል ውቅያኖስ አቋርጣ መጣች ተባለ። የአውስትራሊያ ባለሥልጣናት በሽታ ታመጣለች ብለው ሊገድሏት ወሰኑ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በኋላ የአሜሪካው ማኅበር ቀለበቱ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ በዚያ ቁጥር የተመዘገበችው እርግብ ሌላ ናት አለ። ጆም ከሞት ተረፈች። ስለዚህ ቁጥሩ ካልተዛመደ ማኅበሩ የሚላችሁን ስሙ፣ ራሳችሁ ታሪክ አትፍጠሩ።

ባለቤቷ ሲገኝ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ በግልጽ ጠይቁት። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። አንዳንዱ በደስታ ይመጣል ወይም መልእክት ድርጅት ልኮ ያስወስዳታል። አንዳንዱ «ለቀቅ አድርጓት፣ ትመጣለች» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የጠፋች እርግብ ለውድድር አትሆነኝም ብሎ መልሶ አይፈልጋትም፣ እንድትገደልም ሊነግራችሁ ይችላል። እንዲህ ካለ አትጣሉት። «እኔ ላስቀራት ወይም ለሌላ ሰው ልስጣት ትፈቅዳለህ?» በሉት። ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። እሺታውን በጽሑፍ መልእክት ተቀበሉት።

አዲስ አበባ ላይ ፍለጋው በእግር ነው። እርግብ አርቢው አብዛኛውን ጊዜ የሰፈር ልጅ ነው። ቀና ብላችሁ ጣሪያዎችን እዩ፣ የእንጨት የእርግብ ቤት ያለበትን ግቢ አንኳኩ። የሱቁን ልጅ፣ የጥበቃውን አባት ጠይቁ። እርግብ የሚያረባውን ልጅ ሰፈሩ ያውቀዋል። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ፎቶዋን አውጡ፣ አንድ መለያዋን ግን ደብቁ። የቀለበቷን የመጨረሻ ቁጥሮች ወይም በክንፏ ሥር ያለውን ነጭ ላባ አትናገሩ። «የእኔ ናት» ያለ ሰው እሱን ይንገራችሁ።

ምርጫ ሦስት፦ ሐኪም ወይም የእንስሳት መጠለያ

ደም፣ የተንጠለጠለ ክንፍ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የሚጠማዘዝ አንገት፣ ጉሮሮ ውስጥ ቢጫ ነገር ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉት፣ ሐኪም ይቅደም። ድመት ነክሷት ከሆነ ቁስሉ ባይታይም በዚያው ቀን መድኃኒት ያስፈልጋታል። የድመት ጥርስ የሚተወው ጀርም እርግብን በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል። አንገቷ የሚጠማዘዝባት የእርግብ ቫይረስ ይዟት ሊሆን ይችላል። ይህ ሁልጊዜ የሞት ምልክት አይደለም፣ በእንክብካቤ የሚድኑ አሉ።

ደም ባይኖርም ሁለት ነገር ፈትሹ። አንዱ ደረቷ መሃል ያለው አጥንት ነው። በጣታችሁ ስትዳስሱት ግራና ቀኙ ሥጋ ከሞላው ደህና ናት። አጥንቱ ሹል ሆኖ ከወጣ ብዙ ቀን አልበላችም። ሌላው ኩሷ ነው። የጤነኛ እርግብ ኩስ ጠንከር ብሎ ነጭ ጫፍ አለው። አረንጓዴና ውሃማ ከሆነ ተርባለች ወይም ታማለች። በልታም ካልተሻሻለ ይታይላት።

የት መውሰድ ነው የሚለው ላይ ግን አትሳሳቱ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የዱር እንስሳት ማገገሚያዎች የቤት እርግብ አይቀበሉም፣ ሥራቸው የአገሩን የዱር አእዋፍ ማዳን ነው። የከተማው መጠለያ ሊቀበል ይችላል፣ ቦታ ከሌለው ግን ሊያስገድላት ይችላል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት በስልክ «ባለቤት ካልተገኘ ምን ታደርጓታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኒው ዮርክ ውስጥ ማንሃተን ያለው ዋይልድ በርድ ፈንድ የተጎዳች እርግብ ያክማል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎማሲ የሚባለው ድርጅት በተለይ ለቤት እርግቦች አዲስ ቤት ይፈልጋል። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ወፍ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአቅራቢያችሁ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ዶሮ የሚያክም ከሆነ እርግብም ሊያይላችሁ ይችላል።

ምርጫ አራት፦ በአቅራቢያ ላለ አርቢ መስጠት

ባለቤቷ ሩቅ ከሆነ ወይም ካልተገኘ ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። አርቢው ቤት አለው፣ ምግብ አለው፣ ሌሎች እርግቦች አሉት። እርግብ ብቻዋን መኖር አትወድም። አርቢው በሽታ ፈርቶ ለብቻዋ ሊያቆያት ይችላል፣ ይህ ትክክል ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አትርሱ፦ ለማርባት ነው ወይስ ለሥጋ?

ምርጫ አምስት፦ እናንተው ጋ ማስቀረት

ባለቤቷ እምቢ ካለ ወይም በደንብ ተፈልጎ ከጠፋ ብቻ። ለነጭ ትልቋ እርግብና መብረር ለማትችለው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። የእሽቅድምድም እርግብ ግን ከወራት በኋላም በሩ ሲከፈት ወደ ቀድሞ ቤቷ ልትነሣ ትችላለች። ስለዚህ ሰፊ ሽቦ ቤት አዘጋጁ፣ አይጥም ድመትም የማይገባበት። ፀሐይ የምታገኝበት፣ ከዝናብ የምትጠለልበት ይሁን። በሳምንት ሁለት ጊዜ በሰፊ ገንዳ የመታጠቢያ ውሃ ስጧት፣ መታጠብ በጣም ትወዳለች።

ጥንድ ካልሆነች ትጨነቃለች፣ ስለዚህ ጓደኛ ፈልጉላት። ሌላ ቤት የሌላት እርግብ ብትሆን ደግሞ የተሻለ። ሁለቱን ከማቀላቀላችሁ በፊት አዲሷን ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ። ከተጣመሩ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት እንቁላል ይጥላሉ። ጫጩት የማትፈልጉ ከሆነ እንቁላሎቹን ወዲያው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ እንቁላል ለውጧቸው። ዝም ብላችሁ ከወሰዳችሁባቸው በቀናት ውስጥ መልሰው ይጥላሉ፣ የሴቷም አቅም ይደክማል።